ለተግባር ልምምድ የሚጻፍ ሲቪ፦ ከተቀዳ ቅጽ ወደ ሊጣራ የሚችል ማስረጃ

ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ ድርጅት የሚላክ ተማሪ፣ መነሻው ደብረ ማርቆስም ይሁን ሌላ የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ፖስታ ሦስት ወረቀቶችን ይይዛል፤ ከትምህርት ክፍሉ የተጻፈለትን የትብብር ደብዳቤ፣ የውጤት ግልባጩንና ሲቪውን። ደብዳቤው ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለወጠው ስምና መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ግልባጩ የኮርሶችን ስምና የተገኘውን ውጤት ይዘረዝራል እንጂ ተማሪው በእጁ ምን መሥራት እንደሚችል አይገልጽም። አመልካቹን ከሌሎች ለይቶ ሊያሳይ የሚችለው ሲቪው ነው። ይሁንና ከሦስቱ ወረቀቶች ትንሽ ጥንቃቄ የሚደረግለት እሱ ነው። ማመልከቻው ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ከጓደኛ ፍላሽ ላይ ይቀዳል፤ ወይም በኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ከቆየ ቅጽ ላይ ስም ተቀይሮ ይታተማል፤ አልፎ አልፎም የቀድሞው ባለቤት ስልክ ቁጥር ሳይቀየር ይቀራል።

የዚህ ግዴለሽነት ዋጋ ከሚገመተው በላይ ነው። በአንድ የሰው ሀብት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ሃያ ፖስታ ቢደረደርና ሃያዎቹም "ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ የሥራ ጫናን የሚቋቋም" የሚሉ ቢሆኑ ሠራተኛው የሚለይበት መስፈርት ያጣል። መስፈርት ያጣ ሰው ደግሞ በሚያውቀው ይመርጣል፤ በስልክ በተነገረው ስም፣ በዘመድ፣ በአገር ልጅነት። ስለዚህ የተቀዳ ሲቪ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ከተማ ውስጥ የሚደውልለት ሰው የሌለውን ተማሪ ነው፤ ከስናን፣ ከማቻከል፣ ከደባይ ጥላትግን ወይም ከእነማይ የገበሬ ቤት የወጣውን። እንዲህ ያለው ተማሪ ከወረቀቱ በቀር ወኪል የለውም። በመሆኑም ለተግባር ልምምድ የሚጻፍ ሲቪ የመጀመሪያ መስፈርቱ በውስጡ የሰፈረው እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በሌላ ሰው ሊጣራ የሚችል መሆኑ ነው። ውበቱ፣ ርዝመቱና የፊደሉ ዓይነት ከዚያ በኋላ የሚታሰቡ ናቸው።

ድክመቱን በተማሪዎች ስንፍና ብቻ ማሳበብ አይገባም። በኢትዮጵያ የተማረ ሰው ስለ ራሱ ጽፎ ቦታ የሚያመለክትበት ልማድ ዕድሜው አጭር ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ይመደቡ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ደግሞ ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ሁለቱም በዘመኑ ቋንቋ አገልግሎትና ዘመቻ ይባሉ እንጂ በስፋታቸው ዛሬ የተግባር ልምምድ ከሚባለው የሚበልጡ ነበሩ። ተማሪው ግን የሚሄድበትን ቦታ ያወቀው በምደባ ነው። በደርግ ዘመንም የከፍተኛ ትምህርት ምሩቅ ሥራ የሚይዘው በመንግሥት ምደባ ነበር። ምደባ ባለበት አገር ሲቪ ትርፍ ወረቀት ነው፤ መዝገቡ ስለ ሰውየው ይናገራል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያ አሠራር እየቀረ ሄደ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በዙ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1997 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ የዚህ መስፋፋት ውጤት ነው። የምሕንድስና ተማሪ ሴሚስተሩን በኢንዱስትሪ፣ የጤና ተማሪ ወራትን በሆስፒታል፣ የመምህርነት ተማሪ ጊዜውን በፕራክቲከም እንዲያሳልፍ ሥርዓተ ትምህርቱ ያዛል። የድኅረ ምረቃ ተማሪውም በአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ አዲስ አበባ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ለአጭር ጊዜ ሠርቶ ለመማር ያመለክታል። የሙያ ማበልጸጊያ ማዕከላት በየዩኒቨርሲቲው መከፈታቸው የሚበረታታ ነው፤ ችግሩ ትምህርታቸው በአብዛኛው ተማሪውን የሚያገኘው ሊመረቅ ሲል መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ የሚጻፈው ነገር አንድም ተሠርቷል፣ አንድም አምልጧል።

የማስረጃ ጥያቄ ለጎጃም ምሁራዊ ባህል ባዕድ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በአብነት ትምህርት ቤት አንድ የቅኔ ተማሪ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ ይሁን ከሌላ ደብር ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ አዲሱ መምህር ከማን ዘንድ እንደተማረና እስከ የት እንደዘለቀ ይጠይቀዋል። የቅኔው መንገድ ደረጃ አለው፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ አልፎ፣ በዋዜማና በሥላሴ ተሻግሮ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይደርሳል። ስለዚህ "መወድስ ደርሻለሁ" የሚል ተማሪ ሦስት ነገሮችን በአንድ ቃል ተናግሯል፤ ምን እንደሚችል፣ ምን ገና እንደሚቀረውና በምን ሊፈተን እንደሚገባው። መምህሩም ቃሉን ይዞ ያስቀኘዋል። በዚህ ልውውጥ ውስጥ "በጣም ጥሩ" ወይም "የላቀ" የሚል ቅጽል ቦታ የለውም፤ የመምህሩ ስም፣ የደረጃው ስምና የቀረበው ቅኔ ይበቃሉ።

ይህ ሥርዓት እንከን አልነበረውም። የተጻፈ መዝገብ ስላልነበረው ምስክርነቱ ከመምህሩ ጋር ያረጅ ነበር፤ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ካሉ ጥቂት የቅኔ መምህራን በስተቀርም ሴቶችን ደጅ ያስቀረ ነበር። ቢሆንም ዛሬ ከተማሪዎች ሲቪ የጠፋው ነገር በእሱ ውስጥ በግልጽ ይታያል። የሚነገረው ችሎታና የሚፈተንበት መንገድ አልተለያዩም።

አሁን በስፋት የሚዘዋወረው ቅጽ ሲመረመር የተገላቢጦሹ ይገኛል። ቅጹ በ"የግል መረጃ" ይጀምራል፤ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ዜግነት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ አንዳንዴም ሃይማኖትና "የጤንነት ሁኔታ፦ በጣም ጥሩ"። ቀጥሎ መስማት፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ የሚሉ አራት ዓምዶች ያሉት የቋንቋ ሠንጠረዥ ይመጣል። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ያደገ ሰው አማርኛ መስማት እንደሚችል ለማረጋገጥ ከአንዲት ገጽ ላይ ቦታ መባከኑ የሚያስገርም ነው። ከዚያ "የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ፦ ማንበብ፣ ፊልም ማየት፣ እግር ኳስ" ይላል። መጨረሻው ላይ "ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ ትክክል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ" የሚል ቃል አለ። በወረቀቱ ላይ ሊጣራ የሚችል ነገር ስለሌለ መሐላው ማስረጃውን ተክቶ ይቆማል።

የግል መረጃው ክፍል ከንቱ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ሊሆን ይችላል። ቤርትራንድና ሙላይናታን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች የፈጠራ ሲቪዎችን ልከው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በነጮች ዘንድ የተለመዱ ስሞችን የያዙት ሲቪዎች በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተለመዱትን ከያዙት በ50 በመቶ ያህል የበለጠ የጥሪ ምላሽ አግኝተዋል። ስሞቹ የተሰጡት በዕጣ ስለነበር በትምህርትና በልምድ በኩል በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልነበረም። አገሩና ታሪኩ ሌላ ነው፤ አሠራሩ ግን የትም ቦታ ሊደገም ይችላል። አንባቢ ስለ ሥራ ከመረዳቱ በፊት ስለ ማንነት ከተነገረው ውሳኔው በዚያው ሊታጠፍ ይችላል። አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ ያገባች መሆን አለመሆኗ ለላቦራቶሪ ሥራዋ ምንም አይጨምርም፤ "ትወልድና ሥራው ይቋረጣል" ብሎ ለሚያስብ ኃላፊ ግን ሰበብ ይሆናል። የትውልድ ወረዳም እንዲሁ ነው። ስም፣ የሚሠራ ስልክ ቁጥርና የኢሜይል አድራሻ ይበቃሉ። የተቀረውን ድርጅቱ ከፈለገ ሲቀበል ይጠይቃል።

ከዚህ የበለጠ ሊያሳስብ የሚገባው ቅጹ የሚደብቀው ነገር ነው። ለምሳሌ በጮቄ ተራራ ሥር፣ በስናን ደጋ፣ አሲዳማ አፈርን በኖራ ስለ ማከም የመመረቂያ ጥናቷን የሠራች አንዲት የአፈር ሳይንስ ማስተርስ ተማሪ ትታሰብ። በሲቪዋ ላይ የሚነበበው የዲግሪዋ ስም፣ አማካይ ውጤቷና "የምርምር ክህሎት፦ በጣም ጥሩ" የሚል ነው። የሠራችው ግን ሌላ ነው። ከቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጋር ማሳዎችን መርጣለች፤ ለገበሬዎቹ የጥናቱን ዓላማ አስረድታ ፈቃዳቸውን ጠይቃለች፤ ከእያንዳንዱ ማሳ ከተለያየ ነጥብ አፈር ወስዳ ቀላቅላ አንድ ጥምር ናሙና አዘጋጅታለች፤ ናሙናውን በጥላ አድርቃ፣ ፈጭታ፣ በሁለት ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፍታለች፤ ፒኤች ለክታለች፤ አሲድነቱን በታይትሬሽን ወስናለች፤ የኖራውን መጠን አስልታለች፤ ውጤቱንም አር በተባለው ሶፍትዌር ተንትናለች። ለአንድ የአፈር ላቦራቶሪ ኃላፊ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ከ"በጣም ጥሩ" አሥር እጥፍ ይናገራል። እንደ ምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

"ከስናን ወረዳ 24 ማሳዎች ከ0 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ጥምር የአፈር ናሙና ሰበሰብሁ፤ በ1 ለ2.5 የአፈርና የውኃ ምጥጥን ፒኤች ለካሁ፤ የኖራ ፍላጎት አሰላሁ። የመስክ መዝገቡና ጥሬ መረጃው በአማካሪ መምህሬ ዘንድ ይገኛል።"

በዚህ አንቀጽ ውስጥ አንድም የምስጋና ቃል የለም። ሆኖም የሚያነበው ባለሙያ አመልካቿ መስክ ወጥታ እንደምታውቅ፣ የመለኪያ ዘዴን በስሙና በምጥጥኑ እንደምትጠራ፣ መረጃም በሥርዓት እንደምታስቀምጥ ይረዳል። ከተጠራጠረም የሚደውልበት ሰው አለው።

እዚህ ላይ የቋንቋና የአስተዳደግ ጉዳይ ይነሣል። ራሱን በራሱ የሚያመሰግን ሰው በደጋው አገር አይወደድም፤ ልጅ ሲያድግ የሚማረው ሥራው ሌላ ሰው እንዲያነሣለት መጠበቅን ነው። በእንግሊዝኛ ሲቪ "እኔ" የሚለው ቃል ስለሚቀር ጸሐፊው ከግሡ ጀርባ መደበቅ ይችላል። የአማርኛ ግሥ ግን ባለቤቱን በራሱ ይዞ ይወጣል፤ "ሰበሰብሁ" ያለ ሰው "እኔ" ብሏል። ተማሪው ከዚህ ሲሸሽ በሁለት አቅጣጫ ይጠፋል። አንዱ ተገብሮው ነው፤ "ናሙና ተሰብስቧል፣ መረጃ ተተንትኗል" ብሎ ሲጽፍ ማን እንደሰበሰበና ማን እንደተነተነ አይታወቅም። አምስት ሆነው የሠሩት የቡድን ሥራ በአምስት ሲቪ ላይ በአንድ ቃል ሲሰፍር አንባቢው አንዱንም አያምንም። ሁለተኛው መሸሻ የተውሶ ውዳሴ ነው፤ በእናት ቋንቋው ቢናገረው የሚያፍርበትን "እጅግ የላቀ የአመራር ብቃት" በእንግሊዝኛ ሲጽፈው አያፍርም፤ ቃሉ የእሱ ስላልሆነ። ሥራን በቁጥር፣ በቦታና በጊዜ መናገር ግን ውዳሴ አይደለም። ለዳኛ ቃሉን የሚሰጥ ምስክር ያየውን ሲናገር ትዕቢተኛ እንደማይባል ሁሉ የሠራውን የሚመዘግብ ተማሪም አይባልም።

የሶፍትዌር ዝርዝርም በዚሁ መለኪያ ሊታይ ይገባል። ኤስፒኤስኤስ፣ ስታታ፣ አርክ ጂአይኤስ ብሎ በተርታ መደርደር የሚያሳየው ስማቸው መታወቁን ብቻ ነው። በየትኛው ምን እንደተሠራ አንድ ሐረግ ቢጨመር ዝርዝሩ ያጥራል፤ ክብደቱ ግን ይጨምራል። የኅትመት ዝርዝርም ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ፈተና ነው። ታትሟል፣ ለኅትመት ተቀባይነት አግኝቷል፣ በግምገማ ላይ ነው፣ በመጻፍ ላይ ነው የሚሉት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ርዕስ ሥር ሲቀላቀሉ እውነተኛው ጽሑፍም ይጠረጠራል። ገንዘብ ተከፍሎበት ያለ ግምገማ በወጣ ጆርናል ላይ የታተመ ጽሑፍ ለጊዜው መስመር ቢሞላም ጉዳዩን በሚያውቅ አንባቢ ዘንድ የሲቪውን ባለቤት ያስገምታል።

ከዩኒቨርሲቲ ውጪ የተሠራ ሥራስ? ብዙ ተማሪዎች የዕድር ጸሐፊ ሆነው ሒሳብ ይዘዋል፤ በክረምት ለጥናት ቡድኖች መጠይቅ አስሞልተዋል፤ ከወላጆቻቸው ጋር ገብስ፣ ድንችና እንግዶ አምርተው ገበያ አውጥተዋል። እነዚህ ከሲቪ የሚቀሩት ከትምህርት ያነሱ ተደርገው ስለሚታዩ ነው። የዕድር ሒሳብ ሁለት ዓመት ሳይጎድል የያዘ ሰው ለፋይናንስ ክፍል ልምምድ ሲያመለክት ከዚህ የተሻለ ምን ማስረጃ ያቀርባል? እርሻ ያደገበት ሰው ወደ ግብርና ኤክስቴንሽን ሲሄድ የገበሬውን ቋንቋ ማወቁ ሙያዊ ሀብት ነው። ለባንክ ልምምድ ሲያመለክት ግን እርሻውን መጥቀስ አያስፈልገውም። ሲቪ ለእያንዳንዱ ቦታ ተለይቶ ይጻፋል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቋንቋው ምርጫም ከዚሁ ይከተላል። የአማራ ክልል መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ለዞን መምሪያ የሚገባ ሲቪ በእንግሊዝኛ የሚጻፍበት አሳማኝ ምክንያት አይታይም፤ አንባቢውንም ጸሐፊውንም ያደናቅፋል። ለዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ሲሆን እንግሊዝኛው ግዴታ ነው። ሁለቱን አዘጋጅቶ መያዝ ይጠቅማል፤ አንዱ የሌላው ቃል በቃል ግልባጭ እንዳይሆን መጠንቀቅ ግን ያሻል።

ጥቃቅን የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ማመልከቻን ያበላሻሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በኢትዮጵያ፣ ዲግሪውን በፈረንጆቹ ዓመተ ምሕረት የጻፈ ተማሪ በወረቀት ላይ የስምንት ዓመት ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ወይም ሳይወለድ ትምህርት የጀመረ ይመስላል። አንድ አቆጣጠር መርጦ በመጀመሪያው መስመር ላይ መግለጽ ያድናል። ሁለተኛው ስም ነው። "ጸ" እና "ቀ" ያሉ ድምፆች በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ መንገድ ስለሚጻፉ የአንድ ሰው ስም በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ በዲግሪና በፓስፖርት ሦስት መልክ ሊይዝ ይችላል። የውጭ ቅጾች የቤተሰብ ስም ሲጠይቁ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል። ሲቪው በዲግሪው ላይ ያለውን አጻጻፍ ቢከተል ይመረጣል። ለተመራማሪ ደግሞ ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር ስም ቢለዋወጥም ሥራው አብሮት እንዲሄድ ያደርጋል።

የጊዜ ክፍተት ግን ከአጻጻፍ ያለፈ ጉዳይ ነው። የዚህ ትውልድ ተማሪዎች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት መንገድ ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። አራት ዓመት ይፈጅ የነበረ ትምህርት ከዚያ በላይ የወሰደበት ተማሪ ክፍተቱን ለመሸፈን ቀን ሲያሸጋሽግ ሲቪው ከግልባጩ ጋር ይጣላል፤ ያኔ እውነተኛው ነገር ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። "ትምህርት በክልሉ የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ተቋርጦ ነበር" የሚል አንድ መስመር ይበቃል። በዚያ ጊዜ የተሠራ ነገር ካለ፣ እርሻም ይሁን ማስጠናት፣ ከሥሩ ይገባል። ተቀባይ ድርጅቶችም በዚህ ክፍተት አመልካቹን መቅጣት አይገባቸውም፤ መንገዱን የዘጋው ተማሪው አይደለም።

ይህ ሁሉ ጥረት ፍሬ አለው ወይ የሚለው ጥያቄ በማስረጃ ሊመለስ ይገባል። ግሩም አበበና አምስት ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ሪቪው ኦፍ ኢኮኖሚክ ስተዲስ በተባለው ጆርናል የታተመ የሙከራ ጥናት ለዚህ በጣም ቅርብ ነው። ተመራማሪዎቹ በዕጣ ለተመረጡ ወጣቶች ሁለት ዓይነት ድጋፍ ሰጡ፤ ለአንዱ ቡድን ሥራ ለመፈለግ የሚያስፈልግ የትራንስፖርት ድጎማ፣ ለሌላው የሥራ ማመልከቻ ዎርክሾፕ። በዎርክሾፑ ወጣቶቹ ስለ ሲቪ፣ ስለ ማመልከቻ ደብዳቤና ስለ ቃለ መጠይቅ ከመማራቸው በተጨማሪ የችሎታ ፈተና ወስደው የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ሲለካ የድጎማው ውጤት ደብዝዞ፣ የዎርክሾፑ ተሳታፊዎች ገቢ ግን ከማነጻጸሪያው ቡድን ጉልህ በሆነ ልዩነት ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ጥናቱ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የተካሄደው በዋና ከተማው እንጂ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ደብረ ማርቆስ አይደለም፤ የሲቪው ትምህርትና የምስክር ወረቀቱም አብረው ስለተሰጡ ውጤቱን ለአንዱ ብቻ መስጠት አይቻልም። ነገር ግን የመጣመራቸው ትርጉም ግልጽ ነው። ወጣቶቹ ችሎታቸውን መናገርን ከነማረጋገጫው አግኝተዋል። በደቡብ አፍሪካ የተካሄደ ሌላ የመስክ ሙከራም የቀድሞ አሠሪ የምስክርነት ደብዳቤ ከማመልከቻ ጋር ሲያያዝ የጥሪ ዕድል እንደሚጨምር፣ ጥቅሙም በተለይ ለሴቶች ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ግኝቶች ሊጣራ የሚችል ወረቀት ዋጋ አለው ወደሚለው ይጠቁማሉ፤ ስለ ቅጽ ማሳመር የሚሉት የለም።

"ቦታው በዘመድ ከተያዘ ሲቪ ምን ያደርጋል?" የሚለው የተማሪዎች ቅሬታ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አስቀድሞ የተያዘ ቦታን የሚያስለቅቅ ሲቪ የለም። ሆኖም በዘመድ የሚመርጥ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ብዙው የሚመርጥበት ሌላ መረጃ ስለሌለው የሚያውቀውን ሰው ቃል ያምናል። ለዚህኛው ሰው ስልክ ተደውሎ ሊጣራ የሚችል የሥራ ዝርዝር ሲቀርብለት የዘመዱ ቃል ብቸኛ መረጃ መሆኑ ይቀራል። በአድሎ የሚሠራውም ቢሆን በእጁ የገባውን ግልጽ ማስረጃ ሲገፋ የሚጠይቀው ካለ መልስ ያጣል።

ትምህርት ክፍሎች የሚጠበቅባቸው ሥራ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የትብብር ደብዳቤው ለሁሉም አንድ መሆኑ ቀርቶ ተማሪው የሠራውን አንድ ተግባር የሚጠቅስ ሁለት መስመር ቢጨመርበት አማካሪ መምህሩ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። ተማሪው ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የሠራውን የላቦራቶሪና የመስክ ሥራ በቀንና በቦታ የሚይዝበት ደብተር ቢኖረው ሲቪው በመጨረሻው ሌሊት የሚፈጠር ድርሰት መሆኑ ይቀራል። አማካሪ መምህራንም ስማቸውና ስልካቸው በሲቪ ላይ የሚሰፍረው በፈቃዳቸው መሆኑን፣ ሲደወልላቸውም ተማሪውን አስታውሰው መመስከር እንዳለባቸው ሊያውቁ ይገባል። ስሙ ሳይጠየቅ የተጻፈ መምህር ስልክ ሲደወልለት "አላስታውሰውም" ካለ ዝም ከማለት የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ልምምዱ ሲያበቃ ድርጅቱ ሞልቶ የሚመልሰው የምዘና ቅጽም መታየት አለበት። እንዲህ ያለ ቅጽ በተለመደው መልኩ ሰዓት ማክበርን፣ ሥነ ምግባርንና ተነሳሽነትን በነጥብ የሚያስመዝን ሠንጠረዥ ነው፤ ተማሪው ምን እንደሠራ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም ወይም ጠባብ ነው። "ተማሪው ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር የሠራው ሥራ፣ የተጠቀመበት መሣሪያ፣ ሥራውን የተቆጣጠረው ባለሙያ" የሚል ክፍት መስመር ተጨምሮበት የማኅተሙ አንድ ቅጂ ለተማሪው ቢሰጥ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለሥራም ሆነ ለሌላ ልምምድ ሲያመለክት ከሲቪው ጋር የሚያያይዘው ያንን ወረቀት ይሆናል።